ባለ አራት መስኮቱ ቤት

ሻለቃና ፉጨት የሁለት እህትማማቾች ባሎች ነበሩ፤ ቤታቸውንም የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከዚህ በቀር ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ነገር ልፈልግ ብሎ የተነሣ ሰው ቢኖር ባዶ እጁን ይመለሳል። ሻለቃ ረጅም፣ ደረቅና ቀጥ ያለ ሰው ነው። ሻለቃ የተባለው በውትድርና አልፎ አይደለም፤ የጦር ሠፈር ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅም። ሲቆም ግን መሬት ውስጥ የተተከለ ምሰሶ ስለሚመስል ማዕረጉን የአካባቢው ታክሲ ነጂዎች ሰጡት፤ እርሱም አልመለሰላቸውም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ሰላምታውን ይቆጥባል፣ ሳቁንማ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ይመስላል። ፉጨት ደግሞ አጭርና ድቡልቡል ነው። ሲሄድ ያፏጫል፣ ሲቆም ያፏጫል፣ ሚስቱን ካመንናት በእንቅልፉም ያፏጫል። ኮፍያውን የትም ይጥላል፤ የሚያነሣለት ሰው ግን አጥቶ አያውቅም። ሻለቃ በሕይወቱ አንድም ቀን ኮፍያ ጥሎ አያውቅም፤ ስለዚህም ቢጥል ማን እንደሚያነሣለት አያውቅም።

ሁለቱም የሚሠሩት ከአንድ ትልቅ የሱቅና የቢሮ ሕንፃ በስተጀርባ በተዘረጋው የመኪና ማቆሚያ ነበር። ግቢው ሁለት በር አለው። በሰፊው ጎዳና በኩል ባለው የፊት በር መኪናም እግረኛም ይገባል፤ በጠባቡ መንገድ በኩል ባለው የኋላ በር መኪና ብቻ ይወጣል። የመግቢያው ጌታ ሻለቃ ነበር፤ ቲኬት ይሰጣል፣ ቦታ ያመለክታል። በመውጫው ፉጨት ቲኬት ይቀበላል፣ የብረቱን አግዳሚ ያነሣል። ለፀሐይም ለዝናብም ያላቸው መከታ አንድ አንድ ትልቅ ጃንጥላ ነው። ፉጨትን ወደዚህ ሥራ ያመጣው ሻለቃ ራሱ ሲሆን፣ ይህንንም "እጁን ይዤ ነው ያስገባሁት" እያለ በየአጋጣሚው ያስታውሳል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን እጁን ይዞ ማስገባት አንድ መዘዝ አለው፤ ያስገቡት ሰው አንድ ቀን እጁን አስለቅቆ ቀድሞ ይሄዳል።

ነገሩ የተጀመረው በስፖኪዮ ነው። በዚያ ዓመት የመኪና የጎን መስታወት የሚነቅሉ ሌቦች ግቢውን ለመዱት። ጠዋት በሁለት ጆሮው የገባ መኪና ከሰዓት በኋላ ጆሮውን ተቆርጦ ይወጣል። ባለ ሱቆቹ አጉረመረሙ፤ ባለ ቢሮዎቹ ስብሰባ ጠሩ፤ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅም ስለ ጥበቃ የሚያውቅ አማካሪ አስመጣች። አማካሪው ወጣት፣ ትሑትና ጥንቁቅ ሰው ነበር። ግቢውን ደጋግሞ ዞረና፣ "ጠባቂዎቻችሁ አልሰነፉም፤ የጎደላቸው የሚያዩበት ስፍራ ነው" አለ። ጃንጥላ ሥር የቆመ ሰው ዝናብ ሲመጣ ያጎነብሳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥላው ይዞራል፤ ከቆሙት መኪኖች ጀርባ ያለውን ደግሞ ከቶ አያይም። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በአራቱም ወገን መስኮት ያለው የጥበቃ ቤት በየበሩ ይቁም፤ በውስጡም ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ወንበር ይቀመጥ።

የሕንፃው አቅም ለጊዜው ከአንድ ቤት አላለፈም።

"እንግዲያስ መውጫው ላይ ይሁን" አለ አማካሪው። "ሌባ ሲገባ እንደ ሰው በፊት በር ነው፤ ሲወጣ ነው ጓሮ የሚፈልገው። አብዛኛው መኪና የሚቆመውም በዚያ ወገን ነው። ይህኛው ከሠራ ሁለተኛው ይከተላል።"

ሻለቃ ይህን ሲሰማ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ምክሩ ትክክል እንደሆነ ገብቶታል። ያልገባው፣ ትክክል የሆነ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያም ነው።

ቤቱ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አጭር ግን ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ያለው፣ ጣሪያው እንደ ባርኔጣ ክንፍ ወደ ውጭ የወጣ ነበር። በውስጡ ጠረጴዛ፣ የልብስ መስቀያ፣ ማራገቢያና ያ የሚዞረው ወንበር አሉ። ፉጨት በመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተሽከረከረ። ከዚያም በመስኮቱ ብቅ ብሎ ከግቢው ማዶ ተጣራ፦

"ጋሼ፣ ና እስቲ ሞክረው። ዓለምን ሁሉ ያሳይሃል።"

"ዓለምን ቆሜም አያታለሁ" አለ ሻለቃ፤ የሰማው ግን ጃንጥላው ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻለቃ አንገቱ ወደ አንድ ወገን የዞረ ሰው ሆነ። መኪና ሲያስገባ እጁ ወደ ቦታው ያመለክታል፣ ዓይኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዝናብ ሲዘንብ የገዛ ጫማው ውሃ እየጠጣ፣ የፉጨት ጫማ መስኮቱ ደፍ ላይ ተሰጥቶ ያየዋል። ፀሐይ ሲበረታ ማራገቢያው ሲዞር ያየዋል። የሻይ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ጉም ሲሠራ፣ ፉጨትም በጉሙ ላይ በጣቱ የሚስቁ ፊቶች ሲሥል ያየዋል። ነጂዎች መስኮቱ ሥር ቆመው ሲሳሳቁ ደግሞ እርሱን የሚያሙት ይመስለዋል። አያሙትም ነበር፤ ስሙንም አያነሡም ነበር። ይህን ቢያውቅ ኖሮ ይብሱን አንጀቱ ባረረ።

ከሁሉ የከፋው፣ ስርቆቱ መቆሙ ነው። ባለ ሱቆቹ "ቤቱ ተባረከ፣ ፉጨትም ዓይነ ንስር ነው" አሉ። ሻለቃ ወደ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ዛሬም አንድ መኪና እንኳ ጆሮውን ሳይቆረጥ መዋሉን ያስብና ያዝናል። ከዚያ በማዘኑ ያፍራል። ጥቂት እንደ ተራመደ ደግሞ እንደገና ያዝናል።

"ምን ሆነሃል? ፊትህ ዝናብ ያዘለ ሰማይ መሰለ" አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ ልብስ እያጠፈች።

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ጥርስህን ለምን ታፋጫለህ? ነገ ለጥርስ ሐኪም የሚተርፈን ነገር የለም።"

"እስቲ አንቺ ፍረጂ። ያ ቤት ለማን ነበር የሚገባው? ቀድሞ የገባ ማነው? እጁን ይዞ ያስገባውስ?"

"እሱ እኮ አልለመነም። አምጥተው ደጁ ላይ ጣሉለት።"

"አለመለመኑ ነው የሚያቃጥለኝ" አለ ሻለቃ።

ሚስቱ የምትመልሰውን ስታስብ፣ ከግድግዳው ማዶ ያ የለመዱት ማፏጨት ተሰማ፤ ዜማው የተቃና፣ ጭንቀት የሌለበት ነበር። ሴትዮዋ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። ሻለቃ ግን ግድግዳውን እንደ ባለ ዕዳ አፈጠጠበት።

አማቱ አንድ ሰሞን በታላቂቱ ልጃቸው፣ አንድ ሰሞን በታናሺቱ ቤት የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ዓይናቸው ስለ ደከመ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ካለ የዓይን ሐኪም ዘንድ አልፎ አልፎ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ታናሹ አማቼ ቢሮ ተሰጠው" ብለው አውርተው ጨርሰዋል። አንድ ቀን ከሐኪሙ ሲወጡ በግቢው በኩል መጡና ጃንጥላው ዘንድ ቆሙ።

"ደህና ዋልክ ልጄ። የዚያ ልጅ ቢሮ በየት በኩል ነው?"

ሻለቃ በጣቱ አመለከተ። እማማ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ። ፉጨት ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አወጣቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፣ ቀስ አድርጎም አዞራቸው። አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። ሳቁ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ አልፎ እስከ ፊት በር ደረሰ፤ ሻለቃ ያንን ሳቅ አማቱ ከሆኑ ጀምሮ ሰምቶት አያውቅም። ሲመለሱ እንደገና አጠገቡ ቆሙ።

"አየኸው ግን? በአራቱም በኩል መስኮት። እንዲያው ንጉሥ ነው የመሰልኩት" አሉ። ከዚያም ቀና ብለው አዩና፣ "አንተም ምነው ጃንጥላህን ብታስለውጥ። ጠርዙ ተተርትሯል" ብለው ሄዱ።

የዓይን ሐኪሙ ሥራውን የሚችል ሰው መሆኑ ከዚህ ታወቀ።

በማግስቱ ሻለቃ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከሥራ አስኪያጇ ፊት ቀረበ። ስለ አገልግሎት ዘመኑ ተናገረ፤ ስለ ወገቡ ተናገረ፤ እጁን ይዞ ስላስገባው ሰው ተናገረ።

"ሻለቃ፣ ቤቱ እኮ ለበሩ ነው እንጂ ለሰው አልተሰጠም" አለች ሥራ አስኪያጇ።

"እንግዲያው በሩን ይቀይሩን።"

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች። የቀደመ ሰው መከበር አለበት የምትል ነበረችና ፉጨትን አስጠርታ ጠየቀችው።

"ጋሼ ከፈለገው ለእኔ ደስታዬ ነው" አለ ፉጨት። "እኔም እዚያ ተወዝፌ እግሬ ደንዝዟል።"

ሻለቃ የተመኘውን አገኘ። ያገኘው ግን እንደ አሮጌ ካፖርት፣ "እንካ፣ ለእኔ ሞቆኛል" ተብሎ ነው። ይህችም አንዲት እሾህ ሆና ቀረች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ጠረጴዛውን ወለወለ፣ ፔርሙዙን በቀኝ፣ የእጅ ባትሪውን በግራ አሰለፈ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ። ከዚያ ግን ቤቱ ውስጥ ድምፅ አለመኖሩን አስተዋለ። ነጂዎች ቲኬታቸውን በመስኮቱ ጠባብ ቀዳዳ ይሰጡታል፤ እጅ ይገባል፣ እጅ ይወጣል፤ የቀኑ እንግዳው ሁሉ እጅ ብቻ ሆነ። ከእርሱ ጋር ቆሞ የሚስቅ አንድም አልነበረም። ለካ ሰዎቹ መስኮቱ ሥር ይቆሙ የነበረው ለቤቱ ብለው አልነበረም።

በፊት በር ደግሞ ድግስ ያለ ይመስል ነበር። ፉጨት ጃንጥላውን ዘግቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። የሱቅ ሠራተኞች ሻይ ያመጡለታል፣ ታክሲ ነጂዎች ወርደው ያጫውቱታል፣ ጋዜጣ ሻጩ ካጠገቡ አይለይም። ሻለቃ ለዓመታት የቆመበት ያ ደረቅ ቦታ ነው ይሄ? ዛሬ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ በመስታወቱ ያያል፤ ሳቁ ግን አይሰማም፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ደግሞ ከሚሰማው ይልቅ ይዘልቃል። ቅናት ዕቃውን ሸክፎ ከመግቢያው ወደ መውጫው ተከትሎት መጥቶ ነበር። ወንበር አላሻውም፤ ሻለቃ ላይ ተቀመጠ።

የሚዞረው ወንበር አንድ ባሕርይ ነበረው፤ የተቀመጠው ሰው ትንሽ ዘንበል ሲል በራሱ ወደ ጎን ይዞራል። ሻለቃ ፊት በሩን እያየ ሳለ ወንበሩ ወደ ኋላው መስኮት፣ ወደ ቆሙት መኪኖች ይወስደዋል። ሥራውም ይኸው ነበር። ሻለቃ ግን ተናደደ። ከአንድ የአምፖል ካርቶን ክዳኑን ቀደደ፣ አጠፈ፣ ደግሞ አጠፈ፣ ከመቀመጫው ሥር እንደ ሽብልቅ ወሸቀው። ወንበሩ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከፉጨት በቀር ወደ ማንም አይመለከትም። ለራሱም "ለወገቤ ነው" አለ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በዚህ ዓይነት ባለ አራት መስኮቱ ቤት ባለ አንድ መስኮት ሆነ።

ጥቂት ሰንበት ብሎ የእማማ የዓይን ቀጠሮ ደረሰ። ሻለቃ ይህን ያውቅ ነበር፤ በዚያ ጠዋት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ወልውሎ፣ ለእርሳቸው ሁለተኛ ብርጭቆ ይዞ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ከሕንፃው ሲወጡ በመስታወቱ አያቸው። ወደ ፊት በር ሄዱ። ፉጨት ከግድግዳው ሥር ያለችውን በርጩማ አቧራዋን አራግፎ አስቀመጣቸው፤ ሻይ መጣላቸው። አሁን ጠጥተው ይመጣሉ፣ አለ ሻለቃ በልቡ። ጠጡ። አሁን ይነሣሉ። ፉጨት አንድ ነገር አላቸው፤ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሳቁ፤ ደግሞ ተቀመጡ። ሻለቃ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞከረ፤ ስሙ ይነሣ እንደሆነ ብሎ። በመጨረሻ እማማ ተነሡ፣ ፉጨት ታክሲ አስቆመላቸው፣ ገቡ፣ ሄዱ። ወደ ነጩ ቤት ዞረውም አላዩ።

ሁለተኛው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ሻለቃም ገና ሊያነሣው ሲል፣ ከበስተኋላው መስታወቱ ተንኳኳ። ዞሮ ቢያይ ሥራ አስኪያጇ ናት፤ ወንበሩ ስላልዞረ የዞረው አንገቱ ነው። መኪናዋ የቆመችው ከቤቱ የኋላ መስኮት ሥር፣ እጅ ዘርግተው ሊነኳት በሚቻል ስፍራ ነበር። ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ የሉም። ሽቦዎቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ባለ ሱቆቹ ወጥተው ከበቡ፤ ፉጨት እየሮጠ መጣ፤ አማካሪው ተጠራ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ጋዜጣ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።

"ከዚህ ቤት ሥር እንዴት ሊሆን ቻለ?" አለች ሥራ አስኪያጇ።

ሻለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። "እግረኛ የሚገባው በፊት በር ነው" አለ።

እውነት ነው፤ እግረኛ የሚገባው በፊት በር ነው። ሥራ አስኪያጇ ወደ ፉጨት ተመለከተች። ሻለቃ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። አላበቃም።

"በዚያን ሰዓት ደግሞ በሩ ላይ እንግዳ ተቀምጦ ነበር" አለ። የሚስቱን እናት እንግዳ ሲል ምላሱ አልተያዘም።

ፉጨት ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "እውነት ነው፣ እየተጫወትኩ ነበር። አምልጦኝ ይሆናል" አለ።

"ቤቱን ልየው" አለ አማካሪው።

"ቆይ ቲኬቶቹን ላንሣልህ፣ ተበታትነዋል" ብሎ ፉጨት ቀድሞት ደረጃውን ወጣ፤ ጎንበስ ቀና ብሎ ተመልሶ ወረደ። አማካሪው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሻለቃ ወንበሩ እንደማይዞር ያውቃል፣ አማካሪውም አሁን ያውቃል። አማካሪው እግሩን ገፋ አደረገ። ወንበሩ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፣ ያለ አንዳች ድምፅ።

"ወንበሩም መስኮቱም ደህና ነው" አለ ወጣቱ፣ ግንባሩን እያሻሸ። "ምናልባት መኪና ሲያስወጡ ይሆናል።"

ሥራ አስኪያጇ ውሳኔዋን እዚያው ሰጠች። በር ላይ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው በር አይጠብቅም፤ ፉጨት ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው የዕቃ መጋዘን ይዛወራል። መጋዘኑ ሩቅ ነው፤ እዚያ የሚሠራ ሰው እዚያው አድሮ ቤተሰቡን የሚያየው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። የፉጨት ሚስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች እንደ ሁልጊዜው አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ፉጨት አላፏጨም። መንገዱ እንዲህ ረጅም እንደሆነ ሻለቃ አያውቅም ነበር። ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ ፉጨት ኪሱ ገብቶ የታጠፈ ካርቶን አወጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ ከወንበሩ ሥር ነበር። ለወገብህ ከሆነ ትራስ ይሻላል።"

ሻለቃ ካርቶኑን ተቀበለ። "ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ጋሼ እኔን ሲያይ ነበር ልበላቸው?"

"ታውቅ ነበር?"

"አንድ ሰው ከግቢው ማዶ ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥብህ እንዴት አታውቅም?" አለ ፉጨት፤ ትንሽ ፈገግም አለ። "መጀመሪያ ላይማ ለእኔ አስበህ የምትጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ለሚስቴም 'ጋሼ እኮ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም' ብያት ነበር።"

ከዚያ ኮፍያውን እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ጥሎ ገባ። ሻለቃ ኮፍያውን አየው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ "በዚህም በለጠኝ" የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ጎንበስ አደረገውና ኮፍያውን አንሥቶ በሩ አጠገብ ካለ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑን አኖረ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ወንበሩን ያሰርኩበት ነው። እንዳይዞር።"

"ለምን?"

"ፊት በሩን ለማየት። መኪናዎን የጠበቀ ሰው አልነበረም እሜቴ፤ እኔ ወደዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ልጁ ካርቶኑን ያነሣው ለእኔ ብሎ ነው።"

ሥራ አስኪያጇ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው፣ እርሱንም አየችው። የመቆጣት ፍላጎት ነበራት፤ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ላይ ቁጣ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገባት።

"ሁለተኛው ቤት እንዲፈቀድልን ልጠይቅ ነበር" አለች። "አሁን በምን አፌ እጠይቃለሁ? እሱ ይቀራል፤ ነጩ ቤት ይመለስለታል፤ የሁለቱም በር ኃላፊ አደርገዋለሁ። እርስዎ ግን ይምረጡ። ወይ መጋዘኑ ይሂዱ፤ እዚያ ብቻዎን ነዎት፣ ማንም አያዝዎትም። ወይ እዚህ ይቆዩና ጃንጥላው ሥር ሆነው ከእሱ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ሰኞ ይንገሩኝ።"

እሑድ ምሳ በሻለቃ ቤት ነበር። እማማ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፤ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ታናሺቱ ዓይኗ አብጧል። ፉጨት ሊያስቃት ማንኪያ አፍንጫው ላይ አቁሞ ነበር፤ አልሆነም።

"አንተ ታላቅ ነህ" አሉ እማማ ወደ ሻለቃ ዞረው። "ሰው በዝምታ አይታረቅም። ሂድና ሴትዮዋን ለምንለት። ልጅቱ እንዲህ ሆና እንዴት ሩቅ ይሄዳል?"

"ሄጄ ነበር እማማ።"

ሻለቃ ተነሥቶ ቆመ። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ከፈተ፤ ሚስቱ ይህን አይታ ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሁለተኛው ብርጭቆ። "እንግዳ" ብሎ ስለ ጠራቸውም ሳይደብቅ ነገራቸው። ታናሺቱ እህት አፏን በእጇ ያዘች። ፉጨት ማንኪያውን ያገላብጣል።

"እኔን ነበር ታይ የነበረው?" አሉ እማማ።

"እርስዎን። ወደ እኔ ይመጡ እንደሆነ ብዬ።"

"ደረጃው ነው ልጄ" አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ባለፈው ስወጣው ጉልበቴ ሰነበተ። ለዚህ ልጅም 'ጋሼህን ከዚያ ላይ አውርድልኝና ልየው' ስለው ነበር፤ እሱ ደግሞ 'ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም' ብሎ አሳቀኝ።"

ሻለቃ ጠረጴዛውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

"ሴትዮዋ አስመርጣኛለች" አለ በመጨረሻ። "እሱ አይሄድም፤ ያ አልቋል። ቤቱም ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ወይ እኔ ወደ መጋዘኑ እሄዳለሁ፣ ወይ እዚህ ቀርቼ በእሱ እታዘዛለሁ።"

"መጋዘኑ ይቅርብህ እንጂ" አለች ሚስቱ።

"መጋዘኑ ለእኔ ይቀል ነበር። ማንንም አላይም፣ ማንም አያየኝም። ግን እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚያ ተቀምጬ ይህን ሰው ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ሳየው ልውል ነው፤ በሐሳብ ደግሞ ሰው ከሆነው በላይ ይደላዋል።"

ፉጨት ሊስቅ ብሎ ተወው።

"ስለዚህ ወስኛለሁ" አለ ሻለቃ፣ አሁን እንደ ወትሮው ምሰሶ መስሎ። "አልሄድም። ከነገ ጀምሮ አለቃዬ እሱ ነው፤ ና ሲለኝ እመጣለሁ፣ ቁም ሲለኝ እቆማለሁ። ልጁም ሲወለድ አባቱ አጠገቡ ይሆናል። እቀናለሁ፤ እሱን አልዋሻችሁም፣ በአንድ ቀን የሚለቀኝም አይመስለኝም። ብቻ ከእንግዲህ ፊቴን ወደ መኪኖቹ አዙሬ ነው የምቀናው። አንድ ነገር ደግሞ አለኝ፤ የጃንጥላው ጠርዝ ተተርትሯል፣ አለቃዬ ያስለውጥልኝ።"